ከላ ሲዮታ እስከ ሞንማርትር፦ በአንጋፋ ሲኒማ ቤቶች መንገድ

ሐሙስ፣ ላ ሲዮታ

ፊልም የሚወድ ሰው በደቡብ ፈረንሣይ ባሕር ዳር ወዳለችው ላ ሲዮታ መግባት ያለበት በባቡር ነው። ከማርሴይ ሴን ሻርል ጣቢያ የተነሣው የክልል ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል በነጫጭ የድንጋይ ኮረብታዎችና በጥድ ዛፎች መካከል ሲጓዝ ቆይቶ ፍጥነቱን መቀነስ ሲጀምር፣ ከሁሉም ቀድሜ ተነሥቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ። በሲኒማ ታሪክ ከታዩት ባቡሮች ሁሉ ዝነኛው የገባው እዚህ ጣቢያ ነው። ከወንድሙ ከኦጉስት ጋር ሲኒማን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ሉዊ ሉሚዬር ካሜራውን መሳፈሪያው ላይ ተክሎ፣ ባቡሩ ከሩቅ ብቅ ሲል፣ እየገዘፈ ሲመጣ፣ በመጨረሻም የምስሉን ግራ ጎን ሞልቶ ሲቆም ቀረጸው። ፊልሙ ሃምሳ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። መሳፈሪያው ላይ ከሚተራመሱት ሰዎች መካከል የራሱ የሉሚዬር ቤተሰብ አባላት ይገኙበታል።

ተመልካቹ ባቡሩ ሊወጣበት የመጣ መስሎት ከአዳራሹ ፈረጠጠ የሚለውን ታሪክ ያልሰማ የለም። የፊልም ታሪክ ተመራማሪዎች ግን በጊዜው የተጻፈ አስተማማኝ ማስረጃ ስላላገኙለት ይጠራጠሩታል። እኔም ወደ ጥርጣሬው አደላለሁ። ቢሆንም ታሪኩ ለምን ይህን ያህል እንደ ተወደደ ይገባኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር ለምናውቅ ሰዎች፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ ማየት መጀመሪያ ላይ ምን ያህል እንዳስደነገጠ መገመት አያዳግትም።

ከባቡሩ ወርጄ ወዲያው ከጣቢያው አልወጣሁም። ጥቂት ተማሪዎችና ሻንጣ የሚጎትቱ ጎብኚዎች ተራ በተራ ሄደው መሳፈሪያው ጭር አለ። ካሜራው ይቆምበት የነበረውን አቅጣጫ በግምት ፈልጌ ቀጣዩ ባቡር እስኪመጣ ጠበቅኩ። ሲመጣ ያለ ጭስ፣ ያለ ጩኸት፣ በኤሌክትሪክ እየተንሸራተተ መጣ። ግን ያ ከሩቅ ትንሽ ሆኖ ታይቶ በድንገት ትልቅ የመሆን ነገር አሁንም እንዳለ ነው። ልቤ ሲዘል ተሰማኝ።

ጣቢያው ከባሕሩ ራቅ ይላል፤ አውቶቡስ ወደ ወደቡ ያደርሳል። ላ ሲዮታ ለረጅም ዘመን መርከብ ሠሪ ከተማ ነበረች። ትልልቁ የመርከብ ግንባታ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲያበቃ ብዙ ሰው ሥራ አጣ። ዛሬ ግዙፎቹ ክሬኖች ሥር የሚታደሱት የሀብታሞች የመዝናኛ ጀልባዎች ናቸው። ከወደቡ ጀርባ «የንስር መንቁር» የሚሉት አለት ቀጥ ብሎ ቆሟል። (በነገራችን ላይ፣ እዚህ ማስታወሻ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጣሁበትን አንጋፋ ሲኒማ ቤት፣ ኤደን ቴአትርን፣ ያየሁት ሊመሽ ሲል ነበር። በባሕሩ ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ የቆመ ቢጫ ሕንፃ ነው። ትልቅ አይደለም። አጠገቡ ካሉት ቤቶች ብዙም አይረዝምም፤ የማያውቀው ሰው ቀና ብሎ ሳያይ ሊያልፈው ይችላል። በሩ ተዘግቶ ስለነበር የተለጠፈውን የፊልም ፕሮግራም ሁለት ጊዜ አንብቤ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ኤደን ቴአትር

ኤደን እስካሁን በሥራ ላይ ካሉት የዓለም ሲኒማ ቤቶች ሁሉ አንጋፋው እየተባለ ይጠራል። በሩን የከፈተው ጁን 15 ቀን 1889 ነው። ልብ ይበሉ፣ ያኔ ሲኒማ የሚባል ነገር ገና አልተወለደም። አዳራሹ ለቴአትር፣ ለሙዚቃ፣ ለቦክስና ለትግል የተሠራ ነበር፤ ፊልም እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤት ሆነ። በኋለኛው ዘመን ኤዲት ፒያፍና ኢቭ ሞንታንም እዚሁ መድረክ ላይ ዘፍነዋል።

ፊልም እዚህ ድረስ የመጣበት ምክንያት የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የሉዊና የኦጉስት አባት አንቷን ሉሚዬር ሊዮን ውስጥ የፎቶግራፍ ፋብሪካ ያቋቋመ ባለጸጋ ነበር፤ ላ ሲዮታን ወድዶ በባሕሩ ዳር ሰፊ ርስት ገዛና ትልቅ ቤት ሠራ። የኤደን ባለቤት ራውል ጋሎ ወዳጁ ነበር። በሴፕቴምበር 1895 ሉሚዬሮች በዚያ መኖሪያ ቤታቸው ለወዳጅ ዘመድ ፊልሞቻቸውን አሳዩ። ማርች 21 ቀን 1899 ደግሞ የከተማው ሕዝብ ትኬት ቆርጦ ኤደን ውስጥ ፊልም አየ።

ይህን ሁሉ የነገሩን «ሌ ሉሚዬር ደ ሌደን» የተባለው ማኅበር በጎ ፈቃደኛ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ የንባብ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሲያወሩ ከወረቀት አያነቡም። ከየት እንደ መጣሁ ጠይቀውኝ ስነግራቸው «ታዲያ ይህን ያህል መንገድ ለእኛ ቤት ብለው መጡ?» አሉኝ። «ለእኛ ቤት» ያሉበትን ድምፅ ነው ከሁሉ በላይ የማስታውሰው። የሙዚየም ጠባቂ እንዲህ አይናገርም።

ጎብኚዎቹን ሰገነቱ ላይ አስቀምጠው መብራቱን አጠፉት። ከዚያም የሉሚዬሮችን አጫጭር ፊልሞች ተራ በተራ አሳዩን። ትናንት የቆምኩበት ጣቢያ ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ባቡሩም ገባ። ፊልሙን ከዚያ በፊት በኮምፒውተር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ግን በትንሽ መስኮት ውስጥ ያላየኋቸው ሰዎች እዚህ ታዩኝ፤ ጥቅል የተሸከመ ሰው፣ ለመውረድ የሚያመነታ መንገደኛ፣ ካሜራውን ገልምጦ የሚያልፍ ወጣት። ከፊቴ የተቀመጠ ሕፃን እናቱን «ባቡሩ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሳቀበትም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

መብራቱ ሲበራ አስጎብኚያችን ወደ ከባዱ ክፍል ተሻገሩ። በ1982 የሲኒማ ቤቱ ባለቤት የዕለቱን ገቢ ሊዘርፉ በመጡ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ መደበኛው ሥራ ቆመ፤ አዳራሹ የሚከፈተው ለፌስቲቫል ብቻ ሆነ። በ1995 ደግሞ ሕንፃው ለሕዝብ ደኅንነት አያሰጋም ለማለት ስላልተቻለ ጨርሶ ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። ይህ ምዝገባ ከመፍረስ አዳነው እንጂ ጣሪያውን አልጠገነለትም፤ ቤቱ ባዶውን ብዙ ዓመት ቆመ። ማኅበሩ በ2002 የተመሠረተው ያኔ ነው። ሰዎቹ ስብሰባ ጠሩ፣ ገንዘብ ለመኑ፣ ባለ ሥልጣን ደጅ ጠኑ። ማርሴይና አካባቢዋ የአውሮፓ የባህል መዲና በተባሉበት በ2013፣ በኦክቶበር ወር ኤደን ታድሶ ተከፈተ።

«እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ነው ፊልም የለመድኩት» አሉ አስጎብኚዋ። «ተዘግቶ ሳየው በሌላ መንገድ ዞሬ እሄድ ነበር። ማየት አልፈልግም ነበር።» ይህን ሲሉ እጃቸውን የሰገነቱ መከለያ ላይ አሳርፈው ነበር፤ ጣቶቻቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሱት ነበር። እኔ ለሕንፃው ዕድሜ ስደነቅ ነበር የዋልኩት። ከዚያ ቅጽበት በኋላ ግን ዓይኔ ወደ ሰዎቹ ዞረ። አንድ ሲኒማ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ የቆመው ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። በየትውልዱ «ይህ ቤት አይዘጋም» የሚል ሰው ስለተገኘለት ነው።

ማታ ተመልሼ ሄድኩ። የሚታየው ፊልም ጥንታዊ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የወጣ፣ በትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አንድ ሳምንት እንኳ ያልቆየ ሥራ ነው። በሩ ላይ ሰዉ እርስ በርሱ በስም እየተጠራራ ይሳሳማል። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሰውዬ ከስክሪኑ ፊት ቆሞ ይህን ፊልም ለምን እንደ መረጡት በሁለት ደቂቃ ነገረን። ታሪኩን አልነገረንም፤ የት ቦታ ላይ ጆሯችንን ማቅናት እንዳለብን ብቻ ጠቆመ። ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። በብዙ ስክሪን በታጨቁት አዳራሾች ወንበሩ ይመቻል፣ ድምፁም ደረት ያንቀጠቅጣል፤ ግን ያን ፊልም እዚያ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ አይታወቅም። እዚህ የመረጠው ሰው ራሱ ፊትህ ቆሞ ያስረዳሃል፤ ካልወደድከውም ስትወጣ በሩ ላይ ታገኘዋለህ። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ግን አልወደዱትም፣ ስንወጣም ሰውዬውን ፊት ለፊት ነገሩት። እሱም በጥሞና ሰማቸው።

ቅዳሜ፣ መንገድ ላይ

ማለዳ በባሕሩ ዳር ተራመድኩ፤ ከዚያ ወደ ማርሴይ፣ ከማርሴይ በፈጣኑ ባቡር ወደ ሊዮን። ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው።

ባቡሩ ላይ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቤቶች በፈረንሣይ ለምን በረከቱ የሚለውን ሳሰላስል ነበር። ፍቅር ብቻውን መብራትና ደመወዝ አይከፍልም። መልሱ ከፊሉ ሕግ ውስጥ ነው። በአገሪቱ ከሚሸጠው እያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት 10.72 በመቶ ተቆርጦ በ1946 ለተቋቋመው ብሔራዊ የሲኒማ ማዕከል ይገባል። ገንዘቡም ተመልሶ ፊልም ለመሥራትና ሲኒማ ቤት ለማደስ ይውላል። ከአሜሪካ የመጣ ትልቅ ፊልም ለማየት የተሰለፈ ወጣት፣ ሳያውቀው፣ በሌላ ከተማ ላለ ትንሽ አዳራሽ ወንበር ያዋጣል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ፕሮግራማቸውን ለአዳዲስና ለደፋር ሥራዎች፣ ለቆዩ ፊልሞችና ብዙ ለማይታዩ አገሮች ሲኒማ የሚሰጡ ቤቶች «አር ኤ ኤሴ» የሚል ማዕረግና ከማዕረጉ ጋር ድጎማ ያገኛሉ። እንዲህ ያሉ ቤቶች በመላ አገሪቱ ከሺህ በላይ ናቸው። በጣም ብልህ ሥርዓት ነው፤ ሌሎች አገሮች ቢቀዱት እወዳለሁ።

እሑድ፣ ሊዮን፣ የመጀመሪያው ፊልም መንገድ

በሊዮን የምድር ውስጥ ባቡር ዲ መስመር ላይ «ሞንፕሌዚር ሉሚዬር» የሚባል ጣቢያ አለ። ወርዶ ጥቂት የተራመደ ሰው «ሩ ዱ ፕሬሚዬ ፊልም» ላይ ይቆማል። የመንገዱ ስም ራሱ የመጀመሪያው ፊልም መንገድ ማለት ነው። ማርች 19 ቀን 1895 ሉዊ ሉሚዬር ካሜራውን እዚህ ተክሎ የፋብሪካው ሠራተኞች ለዕረፍት ሲወጡ ቀረጸ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ እየተሳሳቁ ይወጣሉ። ውሻ ይሮጣል፣ ብስክሌት ያልፋል፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ፊልሙ ያልቃል። ያም ሃምሳ ሰከንድ አይሞላም። ሉሚዬር ይህንኑ ትዕይንት ደጋግሞ በመቅረጹ ዛሬ ሦስት ቅጂዎች አሉ። የሚለዩትም በፈረሱ ነው፤ አንዱ ላይ በአንድ ፈረስ የሚሳብ ጋሪ ይወጣል፣ አንዱ ላይ በሁለት ፈረስ፣ አንዱ ላይ ግን ጋሪም ፈረስም የለም።

አንቷን ሉሚዬር ከ1899 እስከ 1902 ያሠራው ባለ ብዙ ክፍል ቪላ ዛሬ ሙዚየም ነው። ብዙ ሰው ክፍሎቹን በፍጥነት እያየ ያልፋል። እኔ አንድ መስታወት ፊት ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ሲኒማቶግራፍ የሚባለው መሣሪያ እዚያ አለ፤ አምስት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የእንጨት ሳጥን ነው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1895 የፈጠራ መብት የተሰጠው ይህ ሳጥን ይቀርጻል፣ ፊልም ያባዛል፣ ከኋላው መብራት ሲደረግለት ደግሞ ያሳያል። በዚህ ምክንያት ነው የሉሚዬር ሠራተኞች አንድ ሳጥን ይዘው ዓለምን የዞሩት። ፊልሙን እያነሡ የሚያወርዱት ሁለት ጥርሶች ናቸው፤ በአንድ ምስል ግራና ቀኝ በተበሱ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ይገቡና ወደ ታች ይስቡታል፣ ይወጣሉ፣ ምስሉ ለቅጽበት ይቆማል፣ ብርሃን ያልፋል፣ እንደገና ይገባሉ። ሉዊ ይህን ያሰበው የልብስ ስፌት መኪና ጨርቅን እያቆመና እየሳበ እንዴት እንደሚያስኬድ አይቶ ነው።

በመብራቱ በኩል የነበረው መላ ደግሞ ይበልጥ አስደነቀኝ። በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያበራው የአርክ መብራት በጣም ያቃጥላል፤ የዚያን ጊዜው ፊልም ደግሞ ከናይትሬት ስለሚሠራ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ በመብራቱና በፊልሙ መካከል ውሃ የተሞላ ክብ የብርጭቆ ዕቃ አስቀመጡ። ውሃው ብርሃኑን እንደ ሌንስ ይሰበስባል፣ ሙቀቱንም ያስቀራል። ዕቃው ቢሰበር ወይም ውሃው ቢያልቅ ብርሃኑ ይበተናል፤ አደጋውም አብሮ ይቀንሳል። ከብርጭቆና ከውሃ ብቻ የተሠራ ጠባቂ ነው።

ሠራተኞቹ የወጡበት ሼድ ከፋብሪካው የተረፈ ብቸኛ ክፍል ነው ማለት ይቻላል። ሌላው በ1970ዎቹ ፈርሷል። ሼዱ በሕግ ከተጠበቀ በኋላ በ1998 ሲኒማ ቤት ሆነ፤ 269 መቀመጫዎች አሉት። የዱሮ የእንጨት ምሰሶዎቹን በመስታወት ከልለው አቆይተዋቸዋል። ያኔ ሰው ከሥራ የወጣበት ቦታ ዛሬ ሰው ፊልም ለማየት ይገባበታል። እኔም ከሰዓት በኋላ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። የቆየ ፊልም በ35 ሚሊ ሜትር ቅጂ ነበር የታየው።

ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ኋላ ዞሬ የማሳያ ክፍሏን መስኮት ሳይ ፊልም አጫዋቿ አየችኝ። ጉጉቴ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም፤ «መግባት ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ዘይትና የጋለ ብረት ይሸታል። ሁለት ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ጥቅል ወደ ስድስት መቶ ሜትር ፊልም ይይዛል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በምስሉ ቀኝ የላይኛው ጥግ ላይ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ የሁለተኛውን ሞተር ታስነሣለች። ሰባት ሰከንድ ያህል ቆይታ ሁለተኛዋ ነጥብ ስትመጣ ብርሃኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ታሻግራለች። ተመልካቹ ምንም አያውቅም። «ነጥቧን አንዴ ካዩ ግን ከእንግዲህ ሁልጊዜ ያይዋታል» አለችኝ እየሳቀች። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል እንደሚያሳልፍ አውቅ ነበር። እሷ የጨመረችልኝ፣ መከለያው እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ስለሚከፍትና ስለሚዘጋ ዓይናችን በሰከንድ 48 ብልጭታ እንደሚያይ፣ ካልሆነ ግን ምስሉ ይርገበገብ እንደነበር ነው። ከዚያ የተቆራረጠ ፊልም እንዴት እንደሚቀጠል አሳየችኝ፤ ሁለቱን ጫፎች እኩል ቆርጣ፣ ቀዳዳ ከቀዳዳ አጋጥማ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስተር አሸገችው። አውራ ጣቷን መጋጠሚያው ላይ ሁለት ጊዜ አመላለሰች፣ ወደ መብራቱ አነሣችው፣ ካልረካች እንደገና ልትቆርጠው መቀሷን በሌላ እጇ ይዛ ነበር። ረካች።

ሰኞ፣ ኮሜዲያ

ሙዚየም በሚዘጋበት ቀን ሲኒማ ቤት ክፍት መሆኑ ደስ ይላል። በቤርተሎ ጎዳና ላይ የሚገኘው ኮሜዲያ በ1914 ነው የተከፈተው። ከፊት ለፊቱ ያለው ሕንፃ በጀርመን ወረራ ዘመን የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ የጌስታፖ፣ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ዛሬ የተቃውሞ ትግሉና ወደ ማጎሪያ ካምፕ የተጋዙ ሰዎች መታሰቢያ ሙዚየም ሆኗል። መንገዱን ሳቋርጥ ይህ ጎረቤትነት ከበደኝ። በአንድ ወቅት በዚህ በኩል ሰው ትኬት ይቆርጣል፣ በዚያ በኩል ሰው ይሠቃያል።

ይዞት የነበረው ኩባንያ በ2003 መጨረሻ ላይ ዘጋው። በ2006 ከትልልቅ ኩባንያዎች ነጻ በሆነ አስተዳደር እንደገና ተከፈተ። ዛሬ ትልቅ ነው፤ በርከት ያሉ ስክሪኖች አሉት። ነጻ ሲኒማ ቤት ትንሽና ጨለምለም ያለ መሆን አለበት ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ እዚህ ይምጣ። ረፋዱ ላይ መተላለፊያው በትምህርት ቤት ልጆች ተሞልቶ ነበር። መምህራቸው «ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ መሳቅ ግን ይቻላል» አለቻቸው። ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ የተሰጣቸውን ፈቃድ በደንብ ተጠቀሙበት፤ ሳቃቸው ከግድግዳው ማዶ ይሰማኝ ነበር። እኔ የነበርኩበት ፊልም አሳዛኝ ነበር፤ ግን አልረበሸኝም።

ማክሰኞ፣ ፓሪስ

ከሊዮን ፓሪስ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ ካፑሲን ቡልቫር ቁጥር 14 ሄድኩ። ግድግዳው ላይ መታሰቢያ አለ፤ ሕንፃው ግን ሆቴል ነው። ዲሴምበር 28 ቀን 1895 እዚህ፣ ግራን ካፌ ምድር ቤት ውስጥ በነበረ «የሕንድ ሳሎን» በተባለ ክፍል፣ 33 ሰዎች አንድ አንድ ፍራንክ ከፍለው እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ የማይሞሉ አሥር ፊልሞች አዩ። ወንድማማቾቹ አልነበሩም፤ ዝግጅቱን የመራው አባታቸው ነው። የካፌው ባለቤት ከገቢው 20 በመቶ እንዲወስድ ቢጠየቅ በነገሩ ስላልተማመነ በቀን 30 ፍራንክ የክፍል ኪራይ መረጠ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰልፉ መንገዱን ሞላው። ከመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች መካከል የነበረው የአስማት ትርዒት አቅራቢው ዦርዥ ሜሊየስ መሣሪያውን ለመግዛት ቢለምንም አባትየው እምቢ አለ፤ ሜሊየስ ከሌላ ቦታ አግኝቶ የራሱን ሥራ ጀመረ።

ከዚያ በእግሬ ወደ ዣን ጉዦን መንገድ ሄድኩ። ሜይ 4 ቀን 1897 እዚህ በበጎ አድራጎት ባዛር ላይ ፊልም ሲታይ የፕሮጀክተሩ የኤተር መብራት እሳት አስነሣ፤ ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። በቦታው የመታሰቢያ ጸሎት ቤት ተሠርቷል። ሊዮን ውስጥ ያየኋት የማሳያ ክፍል ግድግዳዋ ወፍራም፣ መስኮቷ ትንሽ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልምን ከተመልካች የሚለየው ያ ግድግዳ በሰው ሕይወት የተገኘ ትምህርት ነው።

ረቡዕ፣ ስቱዲዮ 28

በፈረንሣይ አዲስ ፊልም የሚወጣው ረቡዕ ነው። ጋዜጦቹ በረቡዕ ፊልም ይተቻሉ፣ ሲኒማ ወዳዶች በረቡዕ ይጣላሉ። እኔም ለመጨረሻ ያስቀመጥኩትን ቤት ለዚህ ቀን አቆየሁት። ሞንማርትር ላይ የቶሎዜ መንገድ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ አሮጌ የነፋስ ወፍጮ ይታያል። ቁጥር 10 ላይ ስቱዲዮ 28 አለ። ስሙ የተከፈተበት ዓመት ነው፤ ፌብሩዋሪ 1928።

የዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ የማልረሳው ዲሴምበር 3 ቀን 1930 ነው። የስፔናዊው ዳይሬክተር የሉዊስ ቡኑኤል ሁለተኛ ፊልም ሲታይ የቀኝ አክራሪ ቡድኖች አባላት አዳራሹን ወረሩት። ስክሪኑ ላይ ቀለም ረጩ፣ የጭስ ቦምብ ወረወሩ፣ መግቢያው ላይ የተሰቀሉትን የዳሊን፣ የሚሮን፣ የማክስ ኤርንስትን ሥዕሎች ቀደዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፖሊስ ፊልሙን አገደው፤ እገዳውም እስከ 1981 ቆየ። ሲኒማ ቤቱ ግን አልተዘጋም። በ1948 ሁለት ወንድማማቾች ተረክበውት የፊልም ወዳጆች መናኸሪያ አደረጉት። የአዳራሹን መብራቶች የነደፈው ገጣሚውና የፊልም ዳይሬክተሩ ዣን ኮክቶ ነው። «የድንቅ ሥራዎች አዳራሽ፣ የአዳራሾችም ድንቅ ሥራ» ብሎ የጠራውም እሱ ነው።

መብራቶቹን በቅርብ አየኋቸው። በግድግዳው ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ቅርጻቸው ሥርዓት የለውም፣ ግን አብረው ሲበሩ አዳራሹን የሚሞቅ ብርሃን ያለብሱታል። ፊልሙ ሊጀምር ሲል ቀስ ብለው ነው የሚጠፉት። ይህ ቀስታ ዋጋ አለው። ሰው ወሬውን ለመጨረስ፣ ኮቱን ለማጠፍ፣ ስልኩን ለመዝጋት፣ ከመንገዱ ጫጫታ ለመላቀቅ ጊዜ ያገኛል። ከኋላዬ የነበሩት ባልና ሚስት ድምፃቸውን ከመብራቱ ጋር እኩል እየቀነሱ ሄዱ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ወደምትገኘው ትንሽ የአትክልት ቦታ ወጣን። ሰው ቡና ይዞ ይቆማል፣ ይከራከራል። አንዲት ወጣት የፊልሙ መጨረሻ ውሸት ነው አለች። አጠገቧ የነበሩ ሽማግሌ ውሸት ሳይሆን ምሕረት ነው ብለው መለሱላት። እኔ ከወጣቷ ጋር ወገንኩ፤ ለገጸ ባሕርይዋ ያለፈችበትን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ማስተሰረይ አይቻልም ብዬ ተናገርኩ። ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «እርስዎ ገና ወጣት ነዎት» አሉኝና የራሳቸውን ማስረጃ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምረው መዘርዘር ያዙ። ትኬት ሻጩ ከበሩ ብቅ ብሎ ቀጣዩ ፊልም በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደሚጀምር፣ ለሚቆዩ ሰዎችም ቦታ እንዳለ ነገረን። ክርክሩ ስላላለቀ ሦስታችንም ተያይዘን ትኬት ልንቆርጥ ገባን።